«1.2 ሜትር ተመልካች»፦ ስልካችን ቁጥርና ብር ሲያሳየን የሚያምታታን ለምንድን ነው?

ስልካችሁን ወይም ዩቲዩባችሁን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ከቀየራችሁ አንድ የሚያስቅ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የታየ ዘፈን ሥር «1.2 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቆይ፣ ዘፈን በሜትር ይለካል እንዴ? አቡጀዲ መሰለ እኮ!

እኛም መጀመሪያ ስናየው ስቀን ነው ያለፍነው። ስክሪንሻት አንስተን ተላላክንበት፣ ተሳሳቅንበት፣ አለቀ። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ሰነበተ። ተመልካች ሲቆጥር እንዲህ የሚሳሳት ስልክ ብር ሲያሳየንስ? ዛሬ እኮ ደመወዙም፣ የሱቅ ሒሳቡም፣ ከዐረብ አገር የሚላከውም ገንዘብ መጀመሪያ የምናየው በስክሪን ላይ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚሸጠውም፣ ውጫሌ ላይ ሱቅ የከፈተውም ብሩን በእጁ ሳይዝ «ገብቷል» የሚል መልእክት አይቶ ዕቃውን ያስረክባል።

ስለዚህ ቁጥር በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኪስ ጉዳይ ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ከኩዌት የመጣችው ፎቶ

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ከተሁለደሬም ከአምባሰልም ዐረብ አገር ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ምሳሌው ሩቅ አይሆንባችሁም።

አንዲት የሐይቅ ልጅ ኩዌት በቤት ሠራተኝነት ተቀጠረች እንበል። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል የደረሰኙን ፎቶ በኢሞ ለቤተሰቧ ላከች። ወረቀቱ ላይ «60.000» ይላል። ታናሽ ወንድሟ አየና «እማዬ፣ ስድሳ ሺህ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በደስታ ተናጠ። ጎረቤት ሰማ። የቤቱ ቆርቆሮ እንዲቀየር ተመከረ፣ ዕዳ እንዲከፈል ተቆረጠ። ወር ጠብቀው የደረሳቸው ብር ግን ካሰቡት በጣም ያንሳል። «ቀሪውን የት አደረሽው?» የሚል ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልዋሸም። «60.000» ማለት ስድሳ የኩዌት ዲናር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ የኩዌት ዲናር የሚመነዘረው በ100 ሳይሆን በ1,000 ፊልስ ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ቤት ይጻፋል። የእኛ «60.00 ብር» ሁለት ዜሮ እንዳለው ሁሉ የእነሱ «60.000» ሦስት አለው። ቁጥሩን ዝም ብለን አላመጣነውም፤ ኩዌት እ.ኤ.አ በ2016 ለቤት ሠራተኞች የወሰነችው ዝቅተኛ ወርሃዊ ደመወዝ 60 ዲናር ነበር።

የባሕሬን ዲናር፣ የኦማን ሪያልና የጆርዳን ዲናርም እንደ ኩዌቱ ሦስት ቤት አላቸው። የሳዑዲ ሪያልና የኤምሬትስ ድርሃም ግን እንደ ብር ሁለት ቤት ናቸው። የጃፓን የን ጭራሽ ከነጥብ በኋላ ምንም አይጻፍበትም። ይህ ሁሉ አይ ኤስ ኦ 4217 በሚባል ዓለም አቀፍ መለያ ተመዝግቧል። በዚያ መዝገብ እያንዳንዱ ገንዘብ ሦስት ፊደል ያለው ኮድ አለው። የእኛው «ኢ ቲ ቢ» የሚለው ነው፤ «ኢ ቲ» ኢትዮጵያን፣ «ቢ» ብርን ይወክላሉ። ከኮዱ ጎን ከነጥቡ በኋላ ስንት ቤት እንደሚጻፍም ተጽፏል።

ስለዚህ ያለ ገንዘቡ ስም የተላከ ቁጥር ግማሽ መልእክት ነው። «60.000» ብቻውን ምንም አይነግረንም።

አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ንባብ

አንድ ጽሑፍ በሁለት መንገድ ሲነበብ ምን እንደሚያስከትል ከአምባሰል በላይ የሚያውቅ የለም። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም። አንቀጽ 17 በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይችላሉ» የሚል ነበር። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ።

የእኛ ነገር እንዲያ የከበደ አይደለም፣ ጠባዩ ግን አንድ ነው። የሚገርመው ጣሊያኖች ዛሬም ቁጥር ሲጽፉ ከእኛ ተቃራኒ ናቸው። እኛ «1,500.75» የምንለውን እነሱ «1.500,75» ብለው ይጽፉታል። ጀርመኖችም እንደዚያው። ፈረንሳዮች ሺውን በባዶ ቦታ ይለያሉ፣ ሳንቲሙን በኮማ። ሕንዶች መቶ ሺህን «1,00,000» ብለው ነው የሚከፍሉት። ሁሉም ትክክል ናቸው፣ በየቤታቸው።

ይህን ሳናውቅ እኛም አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ለዚሁ ገጽ የገበያ ዋጋ ስንለጥፍ አንዱን ዕቃ «1.500 ብር» ብለን ጻፍነው። ከውጭ ገጽ ያየነውን አጻጻፍ ሳናስተውል መቅዳታችን ነበር። ኮመንቱ ወዲያው ተሞላ። ግማሹ «አንድ ብር ከሃምሳ? የት ነው የሚሸጠው፣ ጠቁሙን!» እያለ ሲያሾፍ ግማሹ የምሩን ጠየቀን። አርመን፣ ይቅርታ ጠይቀን አለፍን። ያቺ ነጥብ ግን እስከ ዛሬ ትዝ ትለናለች።

ከሳዑዲ የሚመጣ ፎቶ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ ብዙ ቦታ ላይ አኃዙ ራሱ ይለያል። የዐረብኛው 5 ክብ ስለሆነ የእኛን ዜሮ ይመስላል። ዜሮው ደግሞ ትንሽ ነጥብ ናት። 6ቱ ከእኛ 7 ጋር ይምታታል። ስለዚህ 650 ሪያል የሚል ወረቀት ላላወቀበት ሰው «70» ተብሎ ከኋላው ነጥብ የተደረገበት ይመስለዋል። ስድስት መቶ ሃምሳ ሪያል የላከ ሰው ሰባ ሪያል ላከ ተብሎ ቢታማ ምን ይሰማዋል?

ስልኩ የሚያውቀውና የሚያሳየን

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ውስጥ እንግባ። ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፦ ስልክ ቁጥርን የሚያስቀምጥበትና የሚያሳይበት መንገድ የተለያየ ነው።

ለዚህ ከሰዓት የተሻለ ምሳሌ የለም። ጠዋት ሐይቅ ላይ «ሁለት ሰዓት ነው» እንላለን። ስልኩ 8:00 ይላል። ሰዓቱ አልተለወጠም፤ አጠራሩ ነው የተለወጠው። ብርም እንደዚያ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም በደንብ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ 125075 ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፣ ማለትም በሳንቲም ተቆጥሮ። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ግን ልብስ ይለብሳል። ኮማ ይገባበታል፣ ነጥብ ይገባበታል፣ የገንዘቡ ስም ይጨመርበታል። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ አንድ ልብስ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሌላ ልብስ፣ በጀርመንኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ሥራው «ፎርማት ማድረግ» ይባላል።

ልብሱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በፍጥነት አንብቡ፦

100000.00
1000000.00

የትኛው ነው ሚሊዮኑ? ዓይናችሁ ዜሮ መቁጠር ጀመረ አይደል? አሁን ደግሞ እነዚህን፦

100,000.00
1,000,000.00

ሁለት ኮማ ካለ ሚሊዮን ነው፣ አለቀ። ኮማዋ ለጌጥ የገባች አይደለችም። መነጽር ረስቶ ለወጣ አባት፣ ሱቅ ውስጥ ወረፋ ለበዛባት ነጋዴ፣ ዓይንን ከስህተት የምትጠብቅ አጥር ናት።

ልብሱና ገላው ሲምታቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር የሚሠራት አንዲት የታወቀች ስህተት አለች። ተጠቃሚው «1,250» ብሎ ከነኮማው ይጽፋል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ሲቀይር ኮማዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ያነበበው «1» ብቻ ነው። ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አንድ ብር ሆና ቀረች! ፕሮግራሙ «ተሳስቻለሁ» ብሎም አይናገርም። ለዚህ ነው የተማሩት «ለዓይን የተዘጋጀውን ጽሑፍ ለሒሳብ አትጠቀሙበት» የሚሉት።

«ብር» ከፊት ወይስ ከኋላ?

ገበያ ላይ ማንም «ብር አምስት መቶ» አይልም። «አምስት መቶ ብር» ነው የሚባለው። ቢሮ ግባና ደብዳቤ እይ ግን «ብር 500.00 (አምስት መቶ ብር)» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። ሁለቱም የእኛው ናቸው። አንዱ የአፍ፣ አንዱ የወረቀት።

ሶፍትዌሮቹ የያዙት የወረቀቱን ነው። ስልኩ በአማርኛ ሲሆን «ብር» ከቁጥሩ ፊት ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ «ኢ ቲ ቢ» የሚለው ኮድ ይመጣል። ይህን ኮድ የማያውቁ ሰዎች አሉ። አንዲት እናት «ይሄ ኢ ቲ ቢ የሚሉት የምን አገር ገንዘብ ነው?» ብትል አይፈረድባትም። ለዶላርና ለዩሮ እንዳለው ለብር የራሱ ምልክት የለውም። ሳዑዲ እ.ኤ.አ በየካቲት 2025 ለሪያል አዲስ ምልክት አወጣች። የእኛ ገንዘብ ግን እስካሁን የሚጻፈው በስሙ ነው። ስሙም የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ እስከ 1976 በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» እየተባለ ሲጻፍ እንኳ በአማርኛ ብር ነበር።

እኛ እንደሚመስለን ለተጠቃሚ የሚቀለው የአፍ አጻጻፉ ነው፣ «500 ብር»። ያም ሆነ ይህ አንድ አፕ አንዱን ይምረጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ይጽና። አንዱ ገጽ «ብር 500»፣ ሌላው «500 ኢ ቲ ቢ»፣ ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ከሆነ ሰው ይደናገራል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። በጠባብ ስክሪን ላይ «12 500 ብር» ተብሎ በባዶ ቦታ የተለየ ቁጥር መስመር ሲያልቅ ይሰነጠቃል። «12» ላይ ቀርቶ «500 ብር» ታች ይወርዳል። የታችኛውን ብቻ ያየ ሰው 500 ብር ብሎ ያነባል። መስመር የማይሰብር ባዶ ቦታ የሚባል ነገር በኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ሥራው ይህን መከላከል ነው።

እሺ፣ «ሜትር»ን ማን ጻፈው?

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ስልካችሁ የአማርኛ ቁጥር አጻጻፍን ከየት ያውቃል? ከአንድ የጋራ መዝገብ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ድርጅት፣ ፊደላችን በስልክ ላይ እንዲታይ ቁጥር የሰጠው ያው ድርጅት፣ «ሲ ኤል ዲ አር» የሚባል የዓለም ቋንቋዎች መዝገብ አለው። በዚያ ውስጥ ለየቋንቋው የወራትና የቀናት ስም፣ የሺህ መለያ፣ የነጥብ ምልክት፣ የገንዘብ አቀማመጥ ተጽፏል። የአንድሮይድም፣ የአይፎንም፣ የብራውዘሮችም ሶፍትዌር ከዚያው ይቀዳል።

እዚያው መዝገብ ውስጥ ረጅም ቁጥርን የማሳጠሪያ ሠንጠረዥ አለ። እንግሊዝኛው ሺህን «ኬ»፣ ሚሊዮንን «ኤም»፣ ቢሊዮንን «ቢ» ብሎ ያሳጥራል። በአማርኛው ሠንጠረዥ ሺህ «ሺ»፣ ቢሊዮን «ቢ» ተብለዋል። ሚሊዮን ቦታ ላይ ግን «ሜትር» ተጽፎ በብዙ ዕትሞች ሲሠራበት ቆይቷል። «ኤም» የምትለዋ ፊደል በእንግሊዝኛ የሜትርም ማሳጠሪያ ናት። ከአጠገቧ ምን እንዳለ ሳያይ የተረጎማት ሰው ሜትር ያላት ይመስላል። አንዲት ቃል አንድ ቦታ ተሳስታ ተጻፈች፤ ከዚያ ወደየስልኩ ተበተነች።

ሰው ያጋልጣል ወይ? ለዘፈን ምንም ችግር የለውም። ግን ይህ ሠንጠረዥ ለገንዘብም ይሠራል። የበጀት ዜና የሚያሳይ ወይም የዕቃ መሸጫ የሆነ አፕ «ብር 3 ሜትር» ብሎ ቢያወጣ ማን ይረዳዋል?

ደግነቱ መዝገቡ ክፍት ነው። ስህተት ያየ ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል። የየቋንቋው ተናጋሪዎች ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ መዝገቡ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ አማርኛችን በስልክ ላይ ምን ይመስላል የሚለው ደሴ ወይም ሐይቅ ተቀምጦ በስልኩ ኢንተርኔት የሚከፍት ልጅም እጅ ውስጥ ነው። እኛ ካልጻፍን ሌላ ሰው ይጽፍልናል፣ በሜትር።

ሳንቲሟ የት ገባች?

«ሳንቲም ደግሞ ምን ዋጋ አላት?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገበያ ላይ ስሙኒ የሚቀበል የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ረዘሙ። በኮምፒውተር ውስጥ ግን ሳንቲም አልሞተችም።

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.3333 እያልን ማለቂያ እንደምናጣ፣ እሱ ደግሞ አንድ አሥረኛን በራሱ አቆጣጠር ጽፎ መጨረስ ያቅተዋል። ስለዚህ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚወጣው 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው። አታምኑም? ስልካችሁ ላይ ኮድ መሞከሪያ አፕ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት።

ፎርማት የሚያደርገው ክፍል ይህን ቆርጦ «0.30» ብሎ ስለሚያሳየን አናየውም። ውስጥ ለውስጥ ግን ስህተቷ አለች። በብዙ ሺህ ዝውውር ስትጠራቀም ሒሳብ አልዘጋ ይላል። መፍትሔው ቀደም ብለን ያየነው ነው፣ ብርን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ። 125075 ላይ ነጥብ ስለሌለ የሚያምታታ ነገር የለም።

ማጠጋጋትም አለ። የአገልግሎት ክፍያው 2.50 ብር ነው እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን 0.375 ብር ይመጣል። ግማሽ ሳንቲም ደግሞ የለንም። ፕሮግራሙ ወይ ወደ 0.38 ያጠጋጋል፣ ወይ ቆርጦ 0.37 ያደርገዋል። ለአንድ ሰው ምንም አይደለም። ለሺህ ዝውውር ግን አንደኛው 380 ብር፣ ሁለተኛው 370 ብር ይሆናል፤ ትክክለኛው ሒሳብ 375 ብር ሆኖ ሳለ። የትኛው ይሁን የሚለውን ደንብ አስቀድሞ መወሰንና መጻፍ የሰው ሥራ ነው፤ ለስልኩ የሚተው አይደለም።

የግዕዝ ቁጥርስ?

አንዳንድ ተከታታዮቻችን «የራሳችን አኃዝ እያለን ለምን አፕ ላይ አንጠቀምበትም?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በተለይ ለሐይቅ ሰው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት አገር ነው። በብራና ላይ ደግሞ ቁጥር የሚጻፈው በግዕዝ ነው።

የግዕዝ አኃዝ ስልካችን ላይ አለ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ በ1999 ፊደላችንን ሲመዘግብ 20ውን የቁጥር ምልክት አብሮ አስገብቷል፦ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ መቶ (፻) እና እልፍ (፼)። ግን አሠራሩ ከ1 2 3 ይለያል። ዜሮ የለውም፣ አንድ ምልክት በቆመበት ቤት ዋጋው አሥር እጥፍ አይሆንም። 1,234 የሚጻፈው ፲፪፻፴፬ ተብሎ ነው፣ «አሥራ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት» ማለት ነው። 125,000 ደግሞ ፲፪፼፶፻ ነው፣ አሥራ ሁለት እልፍ ከሃምሳ መቶ። አስተውላችኋል? ዓመተ ምሕረት ስንጠራ «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት» የምንለው ልክ በግዕዝ አጻጻፉ ነው፣ ፲፱፻፷፮። አፋችን አልረሳውም።

ችግሩ ሳንቲም ላይ ነው። ነጥብና ዜሮ ስለሌለ 1,250.75ን በግዕዝ ብቻ መጻፍ አይቻልም። ቀጥ አድርጎ ደርድሮ መደመርም ይከብዳል። ዩኒኮድም በዚህ ምክንያት እንደ 0–9 ካሉት የአሥር ቤት አኃዞች ጋር አልመደባቸውም። ስለዚህ ለሒሳብ አፕ አይመችም። ለምዕራፍ፣ ለዓመተ ምሕረት፣ ለዝርዝር ተራ ቁጥር ግን ያምራል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች ዝርዝርን ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ በራሱ የሚቆጥር ዝግጁ መንገድ አላችሁ፣ ተጠቀሙበት።

ምን እናድርግ?

ስልክ ለምንጠቀም ሁሉ፦

1. ቁጥርን ከቀኝ ጀምራችሁ እዩ። በብር ከሆነ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለቱ ሳንቲም ናቸው፣ ከሒሳቡ አውጧቸው። ከዚያ ኮማ ቁጠሩ፤ አንድ ኮማ ሺህ፣ ሁለት ኮማ ሚሊዮን።
2. የገንዘቡን ስም ሳታዩ ቁጥሩን አትመኑ። ከውጭ ፎቶ ሲመጣ «ስንት ነው? በቃል ንገሪኝ» በሉ። አንድ የድምፅ መልእክት የቤተሰብ ጠብ ያድናል።
3. «ላክ» ከማለታችሁ በፊት ቁጥሩን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። 5000 እና 50000 በጣት አንድ ዜሮ ናቸው።
4. «ገብቷል» የሚል መልእክት በሐሰት ተጽፎ ሊላክ ይችላል። ኮማውና ነጥቡ ከወትሮው ከተለየ ጠርጥሩ። ባይለይም ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ሳታዩ ዕቃ አትስጡ።
5. እናት አባቶቻችሁን አግዟቸው። «.00» የምትለዋ ጭራ ምን እንደሆነች ያልነገርናቸው ስንቶቻችን ነን?

አፕ ለምትሠሩ፣ ወይም ለመሥራት ለምትማሩ፦

1. ብርን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ኮዱን ከቁጥሩ አትነጥሉ።
2. ኮማና ነጥቡን በእጃችሁ አትትከሉ። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ለአማርኛና ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው። የወጣውን ግን አንብቡት፤ «ሜትር» ካገኛችሁ አስተካክሉ።
3. ከነጥብ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ቤት ነው ብላችሁ አታስቡ። ኩዌትን አስታውሱ።
4. ከመላኩ በፊት ገንዘቡን በፊደልም አሳዩ፦ «አምስት ሺህ ብር ሊልኩ ነው»። ቼክ ላይ በአኃዝም በፊደልም የምንጽፈው በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን ያወቁትን ስልኩ ላይ ማምጣት ምን ያቅታል?
5. የሠራችሁትን በርካሽ ስልክ፣ በፀሐይ ላይ፣ ገበያ ውስጥ ሞክሩት። አሳይታችሁ «ይሄ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሳሳተ መልስ ከመጣ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ።

ውጫሌ ላይ አንዲት ቃል ሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም ያዘች። ዛሬ ስክሪናችን ላይ አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ኮማ፣ አንዲት «ሜትር» ያንኑ ሥራ በትንሹ ትሠራለች። ያኔ አማርኛውንና ጣሊያንኛውን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው አስፈለገ፤ አሁንም የሚያስፈልገው ያው ነው፣ የተጻፈውን እንደወረደ ሳይቀበል «ይሄ ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው።

እናንተስ? ስልካችሁ ላይ ቁጥር ወይም ብር ግራ አጋብቷችሁ ያውቃል? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ ስክሪንሻት ካላችሁ የግል መረጃችሁን ሸፍናችሁ አያይዙት። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ዐረብ አገር ላለችው እኅታችሁም፣ አገር ቤት ደረሰኙን ለሚያነበው ወንድማችሁም ሼር አድርጉላቸው።